አንድ አክስል ላይ

ሌሊት ደህና ነው። በስድስት ሰዓት፣ ቢሮው ባዶ በሆነበት፣
ፒንግ ብዬ ስጠራው «አቤት» ይላል፣ አንድም ሳይቀርበት።
መብራቱ አረንጓዴ፣ ትንፋሹ የሰላም፣
ከአዳማ ነፋስ በቀር የሚያጉረመርም የለም።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግን፣
የጅቡቲው ተሳቢ በአስፋልቱ ጥግ ተደርድሮ፣
የትራንዚት ወረቀት ፈላጊው በየመስኮቱ ተወጥሮ፣
ያን ጊዜ ይወድቃል።
አይጮህም፣ አያስጠነቅቅም፤ ዝም ብሎ ይጠፋል።
«ሲስተም የለም» ትላለች ኢፍቱ፣ በመስታወቱ ቀዳዳ፤
ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ያየኛል፣ እንደ ባለ ዕዳ።

ኬብሉን ቀየርኩ። አዲስ፣ ሰማያዊ፣ ፍራንኮ ካለው ሱቅ የተገዛ።
ወደቀ።
ስዊቹን ቀየርኩ። ወደቀ።
ካርዱን ነቅዬ የመዳብ ጥርሱን በተማሪ ላጲስ ፈገፈግሁ፤
ግማሽ ቀን ሠራ፤ ተመሰገንሁ።
ከምሳ በኋላ ወደቀ።
አቶ ደንድር «ሙቀት ነው» ብሎ ቬንትሌተሩን ከቢሮው አምጥቶ
አቆመለት፤ እሱ በላብ ማሽኑ በነፋስ ተሞልቶ
ወደቀ።

ሎጉን አነበብሁ፣ መስመር በመስመር፣ እንደ ሟች ኑዛዜ፤
«ወረደ። ተነሣ። ወረደ።» ሌላ ቃል የለውም በዚያ ሁሉ ትካዜ።
ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚሸሽበት ሰው፣
ብቻዬን ስመረምረው ጤነኛ፤ የሚጥለው ግፊያ ነው።

እንግዲያው በሦስተኛው ሌሊት የሐሰት ገበያ አቆምሁለት፤
ዐሥር ሺህ ያልተወለዱ ሹፌሮች፣ ታርጋቸው የትም ያልተመዘገበ፣
በአንድ ጊዜ በሩን አንኳኩ።
ወደቀ። ዓይኔ እያየ።
ደስ አለኝ፤ ሌባውን በቤቱ ያገኘሁት ያህል።

ጋሽ ወርዶፋ ስልኩን ሊሰካ ገብቶ ነበር፤
ወረቀቱ እኛ ዘንድ ከታገተ ሦስት ቀኑ፣
ከዘበኛው ጋር አንድ አግዳሚ ተካፍሎ የሚያድር።
ከትከሻዬ በላይ ስክሪኑን አየ፤ ስምንት ዘንግ፤
አንዱ እስከ አፉ የሞላ፣ ሰባቱ መሬት የተኙ።
«እነዚህ ምንድን ናቸው?»
«ሠራተኞች ናቸው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ።»
«አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው?»

ዝም አልሁ።
ሦስት ቀን ሙሉ በሩን ስፈትሽ፣ ማጠፊያውን ስቀባ፣
ከበሩ ኋላ ማን እንደሚከፍት አልጠየቅሁም።

«ስሚ ልጄ፤ ሚዛን ላይ ብዙ ቆሜያለሁ።
ጠቅላላው ልክ ሆኖ፣ አንዲት ኪሎ ሳይተርፍ፣ ተቀጥቻለሁ።
ጫኙ ሰንፎ ሁሉን ከኋላ ይከምረዋል፤
አንዱ አክስል ሲያቃስት ሌላው ያዛጋል።
ጎማ የሚፈነዳው በክብደት አይደለም፤ በአድልዎ ነው።»

ዐሥር ሰዓት ገደማ አንድ ፋይል ከፈትሁ፤
የካርዱን ጥሪ ለስምንቱም አከፋፈልሁ።
ሰባቱ ነቁ፣ ተራ በተራ፣
መብራት ሲመለስ እንደ ሰፈር መስኮት።
ዐሥር ሺህ። ሃያ። አርባ ሺህ አንኳኩ።
አልወደቀም።
እኔም አላጨበጨብሁም፤ ላጲሱ አንዴ አታሎኛል።

ነጋ። ተሰለፉ። መስኮቶቹ ተከፈቱ።
«ሲስተም አለ» ብሎ የሚያውጅ ሰው የለም፤ ሲኖር ዝም ነው።
ጋሽ ወርዶፋ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ፤
በመተሐራ መንገድ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ፣
ምናልባት ለኔ፤ ምናልባት ለባጃጅ።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ፤ ከሞጆ፤ ፕሪንተሩ ወረቀት በላ።
እንደገና፤ አቶ ደንድር፤ የይለፍ ቃሉን ረስቶ።
እንደገና።
በየቢሮው ግድግዳ የተለጠፈው ወረቀት ላይ
«ለብልሽት ይደውሉ» ይላል፤ ከሥሩ አንድ ቁጥር፣ የኔው።
መርጊያ ማዶ ወንበር ላይ ያዛጋል፤ ከተቀጠረ ዓመቱ፣
ስሙን የጠራው የለም።

ስልኩን እየጮኸ ተውሁት፤
እስክሪብቶ ፈለግሁ።